ቢጫው መሙያ

ሰኞ

ሰዓቷን ገና ከጉተማ ኪስ ሳትወጣ አወቅኋት ብል ውሸት ነው። ያወቅኋት ጎኗ ላይ የሚጠመዘዘውን መሙያዋን ሳየው ነው።

ጉተማ ባቡር ጣቢያው አጠገብ አሮጌ ሰዓት ይገዛል፣ ይሸጣል። ሲጠራጠር ወደ እኔ ይመጣል፤ ዕድሜዬን በሰዓት ጥገና የጨረስኩ ነኝና። «አካም ጅርታ ሽማግሌው! ዓይንህ ካልጠፋ ይቺን እያት፤ ኦሪጅናል ናት ወይስ ቅይጥ?»

«ዓይኔስ ደህና ነበር፤ ያንተን ፊት ማየት ነው የጎዳው» አልኩት። ሳቀና መዳፌ ላይ አስቀመጣት።

ነጭ ብረት። ፊቷ የራሷ። ቆጣሪዎቿ የራሷ። ክዳኗም የራሷ። መሙያው ግን ቢጫ ነው፣ ከሌላ ሰዓት የመጣ።

የገጠምኩት እኔ ነኝ። ልጄ ታደሰ ለብሔራዊ ውትድርና ሲጠራ የሰዓቱ መሙያ ወንጂ ሸንኮራ አገዳው ውስጥ ወድቆበት ነበር። በማግስቱ ስለሚሄድ ከራሴ ሰዓት ነቅዬ ገጠምኩለት። የኔዋ እስከ ዛሬ መሳቢያ ውስጥ ያለ መሙያ ተኝታለች። የታደሰ ደብዳቤ ከቀረ ሁለት ክረምት አለፈ።

«ደህና አድርጌ ልያት፤ እኔ ጋ ትደር» አልኩት።

ማክሰኞ

ጉተማ ሰዓቷን ሊወስድ መጥቶ ሳለ አልማዝ፣ የታደሰ ሚስት፣ አየችብን። ፊቷ አመድ መሰለ።

ጉተማ ቶሎ ብሎ «የለም፣ የለም! የታደሰን ሰዓት የሸጥኩለት እኔ አይደለሁም? ያቺ ሙሉ ኦሪጅናል ናት። ይቺ ቅይጥ ናት፤ መሙያውን እዪው!» አላት። የነጋዴ ነገር! ቅይጥ ከሆነች የሌላ ሰው ናት ማለት ነው።

«እውነትም! የሱ ነጭ ነበር» ብላ ሳቀች፤ ከወትሮዋ ከፍ አድርጋ። «አይደል አባባ?»

«እኔ ጃጅቻለሁ፣ ምኑን አውቄ» አልኩ። ቀልድ ለለመደ አፍ ውሸት አይከብደውም። ሰዓቷን ግን ለጉተማ አልመለስኩም። ዓይኔን አይቶ ተወልኝ።

ረቡዕ

ምን ላድርግ? ሽማግሌ ሰብስቤ በማለዳ መርዶ ላስነግራት? የምንኖረው አንድ ቤት ነው፤ የራሴን በር ላስንኳኳ? ደግሞ መርዶው የኔም ነው፤ ለኔስ ማን ይንገረኝ? አንዲት የእጅ ሰዓት አይተው ብቻ ልቅሶ ይቀመጣሉ? ሰዓት ይሸጣል። ይሰረቃል። ከወደቀ ሰው እጅ ላይም ይፈታል።

ይህን የመጨረሻውን ባልጻፍኩት።

ምሳ ስታቀርብ «ጨው አብዝተሻል፤ ባልሽ ሲመጣ እነግረዋለሁ» አልኳት፣ እንደ ልማዴ።

«ይንገሩት» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

ሐሙስ

አልማዝን «ሚስት ልፈልግ ነው» ብያት ወደ ሞጆ ሄድኩ። ጉተማ እንደነገረኝ፣ ሰዓቷን የሸጠለት ወታደር እዚያ እህቱ ቤት አርፏል። በክራንች ነው የሚሄደው።

«በብርድ ልብስ የለወጥኳት ናት አባቴ፣ ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ። ያ ሰውም ከሌላ ነው የገዛት። እኔ ሦስተኛ እጅ ነኝ።»

«የመጀመሪያው እጅስ?»

ክራንቹን ይመለከት ጀመር። «እንጃ፤ ይቅር ይበሉኝ።»

ምን አጠፋና! ስመለስ አውቶቡሱ ውስጥ አቧራ ገባብኝ ለማለት ተዘጋጅቼ ዓይኔን ጠረግሁ። የጠየቀኝ የለም።

ዓርብ

ሽማግሌ አልጠራሁም። በማለዳ የራሴን ሰዓት ከመሳቢያ አውጥቼ ከዚያችኛዋ ጎን አስቀመጥኳት።

«አልማዝ ልጄ፣ ጉተማ ተሳስቷል። መሙያው…» ብዬ ሁለቱንም ሰዓት ወደ እሷ ገፋሁ።

«ያን ማታ ሲገጥሙት ኩራዝ የያዝኩልዎት እኔ ነኝ እኮ አባባ» አለችኝ።

ረስቼው! መብራት ጠፍቶ ነበር። ኩራዙን ስታወዛውዝ «ዝም ብለሽ ካልያዝሽ መሙያውን አፍንጫው ላይ ነው የምገጥምለት» ብዬ ሁለቱንም አስቄያቸው ነበር።

«ታዲያ ማክሰኞ ምን አሳቀሽ?»

«እርስዎ ጉተማን ያመኑት መስሎኝ። ደስታዎን ልቀማዎት?»

ያን ጊዜ አለቀስን፤ ጎረቤት ሰምቶ ለልቅሶ እንዳይመጣ አፋችንን በነጠላዋ ይዘን። ጥቁር ልልበስ አላለችም። ልበሺ አላልኳትም።

በኋላ የታደሰን ሰዓት አንስታ መሙላት ጀመረች።

«ቀስ፤ መሙያው ይላላል» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ።