እትዬ ውኃ ልክ እና ያለቦታቸው የተሰኩት ወረቀቶች

ጥር 9 ቀን 1947 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ዛሬ የምንሸኛቸው እኅቴ ከጡብ ማምረቻው ጀርባ በነበረችው ባለ ሁለት ክፍል ቤታችን ተወለዱ። አባታችን ግንበኛ፣ እናታችን ልብስ ሰፊ ነበሩ። በሕይወት ሳሉ እኔ «አንቺ» እላቸው፣ እሳቸውም «ጋሼ» ይሉኝ ነበር። ይህ ግን በሰው ፊት የሚነበብ ጽሑፍ ስለሆነ እንደ ወጉ አከብራቸዋለሁ። ቢሰሙኝ መሳቃቸው አይቀርም ነበር።

አባታችን አንዱን ልጃቸውን ወደ ሥራ፣ አንዷን ወደ ትምህርት ቤት ላኩ። እኔ ሲሚንቶ ማቡካት ያዝኩ፤ እኅቴ በ1954 ዓ.ም. ትምህርት ጀምረው በ1966 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረሱ። በዚህ ማንንም አልወቅስም። ነገር ግን ከዚህ በኋላ የምጽፈው እንዲገባችሁ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ፤ እኔ እስከ እርጅናዬ ዋዜማ ድረስ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። ይህንንም ከሰው ሁሉ ደብቄ ኖርኩ። ከሥራ መልስ ጋዜጣ ዘርግቼ ደጃፌ ላይ እቀመጥ ነበር፤ ስንት ቀን ዘቅዝቄ እንደያዝኩት እግዜር ይወቀው።

እኅቴ በ1967 ዓ.ም. በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በጥራት ተቆጣጣሪነት ተቀጠሩ። ከፊታቸው በሚያልፈው ጨርቅ ላይ የተዘለለች አንዲት ክር አታመልጣቸውም ነበር። በ1970 ዓ.ም. የፋብሪካውን ኤሌክትሪሽያን አግብተው በ1972 ሴት ልጃቸውን፣ በ1975 ወንድ ልጃቸውን ወለዱ። በ1978 አባታችን ሊሞቱ ሲሉ የግንብ መቃናት ይለኩባት የነበረችውን፣ በመስታወቷ ውስጥ አረፋ የምትንሳፈፍባትን ውኃ ልክ ለማን እንደሚሰጡ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ግንበኛው እኔ ነኝና። እሳቸው ግን ለእኅቴ ሰጡ። ምክንያታቸውንም ሲነግሩኝ፦ «አንተ አረፋዋ ረግታ ሳትቆም ነው የምታነሣው፤ እሷ ትጠብቃታለች» አሉ። እውነት ነበር። እኅቴ በሕይወታቸው ሙሉ ሳይጣደፉ የኖሩ ሰው ነበሩ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የምጽፈው ሁሉ የሚያርፈው በዚህ ላይ ነው።

በ1985 ዓ.ም. ፋብሪካው አሮጌውን የጨርቅ ማጠቢያ አዳራሽ ዘግቶ ሲተወው እኅቴ ቁልፉን ለምነው ተቀበሉና ከጎረቤቶቻቸው ጋር «የግድግዳ ማኅበር» የተባለውን የሥነ ጥበብ ማኅበር መሠረቱ። ሕጉ አጭር ነበር፤ በሰፈሩ የሚኖር፣ በእጁ አንዳች ነገር የሠራ ሰው ሁሉ ግድግዳ ላይ ቦታ አለው። ዐውደ ርእይ ሊከፈት ሦስት ሳምንት ሲቀረው እኅቴ ቤት ለቤት ይዞሩ ነበር። «እኔ ምን አለኝና?» ያላቸውን ሰው «አልጋህ ሥር ያለውን» ይሉት ነበር፤ ከአልጋው ሥርም አንድ ነገር አይጠፋም። ጡረታ የወጡት መምህርት ከሽቦ የሠሯቸው ወፎች፣ የዶዘር ኦፕሬተሩ የሣላቸው መኪናዎች፣ ፀጉር አስተካካዩ በደንበኛ መሐል በከሰል የነደፏቸው ፊቶች የተገኙት እንዲህ ነው።

የአዳራሹ ወለል ውኃው እንዲወርድ ወደ መሐሉ ፍሳሽ ያዘነበለ ነው። ስለዚህ ቀጥ ብሎ የተሰቀለ ሥዕል ሁሉ የዘመመ ይመስላል። «እትዬ፣ ዘሟል!» የሚል ሲመጣ እኅቴ የአባታችንን ውኃ ልክ ከቦርሳቸው አውጥተው በፍሬሙ ላይ ያስቀምጡና አረፋዋ እስክትቆም ያቆሙት ነበር። «ወለሉን አትመን» ይሉትም ነበር። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ውኃ ልክ ያላቸው ከዚያ ወዲህ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ዐውደ ርእይ፣ ወደ 1987 ዓ.ም. እመጣለሁ። ሊከፈት አንድ ሰዓት ሲቀረው መብራት ተበላሸና እኅቴ ከባለቤታቸው ጋር ገመድ ፍለጋ ሲወጡ ሠላሳ አራት ወረቀትና አንድ ቆርቆሮ ስፒል አስጨበጡኝ። በየወረቀቱ የሥራው ርእስና የሠሪው ስም ተጽፏል። «ጋሼ፣ እነዚህን ከየሥራው ሥር ስካልኝ» አሉኝ። አላውቅም ማለት ይቻል ነበር። አፌ ግን «እሺ» አለ። ረጅም ጽሑፍ ያለበትን ከትልቅ ሥዕል፣ አጭሩን ከትንሽ ሥዕል ሥር እያደረግኩ ሁሉንም ሰካሁ። አሰካኩ ላይ እንኳ እንከን አይገኝበትም ነበር።

በሩ ሲከፈት የፀጉር አስተካካዩ አማት አዲስ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው የራሳቸውን ምስል ሊያዩ ገቡ። ሴትዮዋ ማንበብ ያውቁ ነበር። ከምስላቸው ሥር ያለውን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት፤ «ጡረታ የወጣ ዶዘር» ይላል። በወዲያኛው ግድግዳ ደግሞ ከቢጫው ዶዘር ሥር «የባለቤቴ እናት ጠዋት ሲነሡ» የሚል ተሰክቷል። አዳራሹ በሣቅ ተናጋ። ኦፕሬተሩም ነገሩን ሊያበርድ መስሎት «እማማ፣ የኔውም ዶዘር እኮ ሲነሣ እንዲሁ ያጓራል!» ብሎ ጨርሶ አባሰው።

እኅቴ ገመዱን እንደያዙ ከበሩ ቆመው ግድግዳውን ተመለከቱ። በመጨረሻው ጥግ አንዱ ወረቀት ተዘቅዝቆ ተሰክቶ ነበር። ሄደው ነቀሉት፤ አቃንተው መልሰው ሰኩት፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ አዩኝ። አርባ ዓመት የደበቅኩትን በዚያች ቅጽበት እንዳወቁት አወቅሁ። ወደ ሰዉ ዞረው ግን «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ስጣደፍ አደባልቄው ነው» አሉ።

ፀጉር አስተካካዩ ምስሉን ነቅለው በብብታቸው ይዘው ወጡ፤ ለስድስት ዓመትም አዳራሹን አልረገጡም። አማታቸው ወደ ሌላው ልጃቸው ቤት ሄደው ስምንት ወር ቆዩ። እኅቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ፀጉር ቤቱ ሄደው በወረፋ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ይቀመጡ ጀመር። «እትዬ፣ እዚህ የሚቆረጥ ምን አለዎት?» ሲባሉ «ቂምህን» ይሉ ነበር። እኔም በየወሩ እዚያው በመቆረጫው ወንበር ላይ እቀመጥ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ከበላዬ ቆመው «እኅትዎ ሆን ብለው ነው ያዋረዱን» ሲሉ፣ አንገቴን ለምላጩ ሰጥቼ ዝም እል ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ዝም አልኩ።

እኅቴ ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል አልተነፈሱኝም። የሚቀጥለው ዓመት ወረቀቶቹን መልሰው ለእኔው ሰጡኝ። ሳያቸው በየወረቀቱ ጥግ በእርሳስ የተነደፈች ትንሽ ሥዕል አለች። ወንበር ለሚለው ወንበር፣ ወፍ ለሚለው ወፍ። ሥዕሏን ከሥዕሉ እያመሳሰልኩ ሰካሁ፤ ከዐውደ ርእዩ በኋላም ወረቀቶቹን ቤቴ ወስጄ ሥዕሏን ከቃሉ ጋር እያስተያየሁ ፊደል ለቀምኩ። ከዓመት ዓመት ሥዕሎቹ እያነሱ ሄዱ፤ በኋላ የምስር ፍሬ አከሉ። በ1998 ዓ.ም.፣ በስድሳ ዓመቴ፣ የመጨረሻውን ወረቀት ሰክቼ ከመሰላሉ ስወርድ፣ በዚያ ዓመት አንዲትም ሥዕል እንዳልነበረች ያን ጊዜ ገባኝ። እኅቴ ፍሬም እየወለወሉ ነበር። ቀና እንኳ አላሉም።

ፀጉር አስተካካዩን በ1993 ዓ.ም. የመለሷቸው አማታቸው ናቸው። እኚያ ደግ ሴት ምስሉን ራሳቸው ተሸክመው መጥተው «ዶዘሯ መጥታለች፣ ስቀሏት» አሉ። ዕርቅ ወረደ፤ ስሙ ግን በእኅቴ ላይ ቀረ። እስከ ዛሬ በማኅበሩ አንድ ነገር ሲጠፋ «እትዬ እንደ ልማዳቸው አደባልቀውት ይሆናል» ይባላል። አረፋዋ እስክትቆም ትንፋሻቸውን የሚይዙት ሰው ጥድፍድፍ ተብለው ኖሩ።

ባለቤታቸው በ2004 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ እኅቴ እስከ ሃያ ስድስተኛው ዐውደ ርእይ ድረስ አዘጋጅተዋል። በ2014 ኩላሊታቸውን ታመሙ። ሆስፒታል አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ከሰዓት በኋላ ጋዜጣ አነብላቸው ነበር፤ ስሳሳት ያርሙኛል። አንድ ቀን እውነቱን ለሰው ልናገር ነው ብላቸው፣ «እኔ እያለሁ እንዳትሞክራት! ይህን ያህል ዘመን የተሸከምኩትን ዛሬ ልትነጥቀኝ ነው?» አሉ። ቀጥለውም «ከሄድኩ በኋላ ግን ወረቀቱ ያንተ ነው» አሉኝ። ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ልጃቸው እጃቸውን እንደያዘች አረፉ።

ሁለት ልጆች፣ አምስት የልጅ ልጆችና አንድ ታላቅ ወንድም ትተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ወለሉ በማያዘነብልበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለእኛም እሳቸውን የሚመጥን መጽናናት ይስጠን።

ፀጉር አስተካካዩ ወዳጄ እዚህ መሐላችን አሉ። በ1987 ያዋረድኳችሁ እኔ ነኝ እንጂ እኅቴ አይደሉም። አንገቴን እንደ ወትሮው በወሩ መጨረሻ አመጣለሁ።

ይህ ጽሑፍ ከፎቶግራፋቸው ሥር በአዳራሹ ግድግዳ ላይም ተሰክቷል። የሰካሁት እኔ ነኝ፤ ይህኛውን አንብቤ ነው የሰካሁት። ሰባ ስምንት ዓመቴ ነውና ቀን ወይም ነገር ተሳስቼ ይሆናል። አጠገቡ በክር የታሰረ እርሳስ አለ። የተሳሳትኩትን የምታውቁ፣ እባካችሁ፣ ሳትጣደፉ አርሙልኝ።