ቀለሙ የለቀቀው ማሊያ

ለእማማ፣ አልጋ ይዛም ሰው ማዘዝ ላላቆመችው፤

አክስቴ ቤት እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረ? ሐኪሙ ቀስ እያልሽ ተራመጂ ቢልሽ አንቺ መጋረጃ ላወርድ ብለሽ ወንበር ላይ ስትወጪ ተያዝሽ የሚል ወሬ ደርሶኛል። ወሬውን ማን እንዳደረሰኝ አልናገርም። ይህን ደብዳቤ የምታነብልሽ እሷ ስለሆነች ግን አሁን ድምፅዋን ስሚው፣ ይቀየራል። አክስቴ፣ መነጽርሽን አስተካክዪና ቀጥዪ፤ ምንም አላልኩም።

እኛ ደህና ነን። አባባም ደህና ነው፣ ናፍቆትሽ ግን አስቸግሮታል። ናፈቀችኝ አይልም፣ ቤቱ ሰፋ ነው የሚለው። ሬዲዮኑን አሁን አልጋ ውስጥ ይዞ ይገባል። ጨዋታ እየሰማ እንቅልፍ ሲወስደው እንደ ድሮው ይራገጣል፤ አንቺን ስላጣ የሚመታው ግድግዳውን ነው። በቀደም የእግሩን አውራ ጣት እያሸ ተነሣና ምን ሆንክ ብለው፣ ኳሷ አግዳሚውን መታች አለኝ።

የፋብሪካው የድሮ ተጫዋቾች የተሰባሰቡበትን ቀን ከላይ እስከ ታች፣ አንድም ሳታስቀሪ ጻፊልኝ ብለሽ አልነበር? እነሆ። አንቺ ታሪኩን ከማንም በላይ ታውቂዋለሽ፤ ግን የአክስቴ ልጆች ዙሪያሽን ከበው እንደሚሰሙ ስለማውቅ ለእነሱ ከሥሩ ልጀምር።

ልጆች፣ ጆሯችሁን ስጡኝ። አያታችሁ በጨርቃጨርቅ ፋብሪካው ማቅለሚያ ክፍል ዋናው ቀለም ሠሪ ነበር። ጨርቅ ከገንዳው ሲወጣ ዐይኑን ጠበብ አድርጎ አይቶ ትንሽ ይቀረዋል ካለ፣ በቃ ትንሽ ይቀረዋል። ከሥራ ሲወጣ ደግሞ የፋብሪካው ቡድን ዘጠኝ ቁጥር ነበር። አጭር ነው፣ ታውቁታላችሁ፤ ኳስ በአየር ስትመጣ ግን ከየት እንደሚያመጣው የማይታወቅ ቁመት ያወጣ ነበር አሉ። እኔ በግራ ክንፍ የምጫወተው በማን ወጥቼ ይመስላችኋል?

ለዋንጫው ፍጻሜ የደረሳቸው የባቡር ጥገና ሠራተኞች ቡድን ነው። ባቡሮች ነጭ ይለብሳሉ፣ የእኛዎቹም ማሊያ ነጭ ነው። ስለዚህ የእኛ በራሳችን ፋብሪካ፣ በራሳችን ገንዳ ሰማያዊ ይነከር ተባለ። ታዲያ ቀለሙ ጨርቁን እንዲይዝ ገንዳው ውስጥ ጨው ይጨመራል። ጨው ያልገባበት ቀለም እንደ እንግዳ ነው፣ ተቀምጦ ተቀምጦ ይሄዳል። ጨዉ ተረሳ። በጨዋታው ቀን ደግሞ ሰማይ ተቀደደ።

እረፍት ሳይደርስ የእኛዎቹ ቁምጣ ሰማያዊ፣ አንገታቸው ሰማያዊ፣ ጆሯቸው ሰማያዊ ሆነ። በትከሻ የተጋፋቸው፣ ማሊያ የጎተታቸው፣ አብሯቸው ጭቃ ላይ የተንከባለለ ባቡር ሁሉ ተነከረ። ከእረፍት በኋላ ሁለቱ ቡድኖች የአንድ እናት ልጆች መሰሉ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የባቡሮቹ አምስት ቁጥር ቀና ብሎ ሲያይ ነጭም ሰማያዊም ያልሆነ ማሊያ የለበሰ ሰው ቆሟል። የራሴ ሰው ነው ብሎ አቀበለው። የራሱ ሰው አያታችሁ ነበር። አባባ አመሰግናለሁ እንኳ ሳይል አገባት።

ዋንጫው መጣ፣ ስሙ ግን ሄደ። ባቡሮቹ ሆን ብሎ ነው፣ አጭበርባሪ ነው አሉት። የፋብሪካው ፎርማን ደግሞ ያዋረደን ማነው ብለው የማቅለሚያ ክፍሉን ሠራተኛ በሙሉ አሰለፉ። አባባ ከዳር ወጣና ግራ እጁን አንሥቶ እኔ ነኝ አለ። ፎርማኑ የሚቀጣ ሰው ስላገኙ ሌላ አልጠየቁም። ከቀለም ገንዳው ተነሥቶ ቦይለር ከሰል እንዲያጎርስ ተላከ፣ ጡረታ እስኪወጣም እዚያው ቀረ። ሰፈሩ በበኩሉ አልጫው የሚል ስም አወጣለት። ስሙ ለልጆቹም ተረፈ። አክስቴ የአልጫው ልጅ ያላትን አንድ ተማሪ ጥርሱን እንዳወለቀችው ልጆቿ የሚያውቁ አይመስለኝም። አክስቴ፣ እዚህ ጋ አትዝለዪ፣ አንብቢው።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ፣ እማማ። የጥሪው ወረቀት ሲመጣ አባባ አልሄድም አለ። እኔ የቦይለር ሰው ነኝ፣ ሜዳ ለተጫዋቾች ነው ብሎ ድርቅ አለ። ነገሩ ሌላ እንደሆነ ገብቶኛል። እኚያ የባቡሮቹ አምስት ቁጥር ሊመጡ ነው፤ መምጣት ብቻ አይደለም፣ አስቀድመው መልእክት ልከዋል። እውነቱን በሰው ፊት በገዛ አፉ ካልነገረኝ ከአጭበርባሪ ጋር አንድ ወንበር ላይ አልቀመጥም ብለዋል። እናቴ ይቅርበት፣ በዚህ ዕድሜው ማን ያዋርደዋል አለች። እኔ ግን ከቀረህ ሸሸ ይሉሃል አልኩት። እሱም የጫማ ቀለሙን የት ነው ያደረግሽው አለኝ።

የተሰበሰብነው በፋብሪካው የድሮ መመገቢያ አዳራሽ ነው። ወለሉ ታጥቦ ገና አልደረቀም፣ ወንበሮቹ ሲጎተቱ ይጮኻሉ። የድሮ ፎቶዎች በግድግዳው ላይ ተደርድረዋል፣ ዋንጫው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ከሩቅ ሲወራለት ትልቅ የሚመስለኝ ዋንጫ የሻይ ማንቆርቆሪያ አያክልም። አባባ ገና ከበሩ ሲገባ አልጫው መጣ ብለው አዳራሹን በጩኸት ሞሉት። ስቆ ኮፍያውን አነሣላቸው። እጄን ግን አልለቀቀም።

አምስት ቁጥሩ ረጅም ሽማግሌ ናቸው፣ በከዘራ ነው የሚሄዱት። ንግግር አድርጉ ሲባሉ ዙሪያ ጥምጥም አልሄዱም። ዕድሜዬን በሙሉ ለጠላት ያቀበለው እየተባልኩ ኖርኩ አሉ። አታሎኝ ከሆነ ይንገረኝና እኔም ለልጆቼ ተታልዬ ነው ልበል፤ ካላታለለኝም ይንገረኝና ሰውየውን ማማት ልተው አሉ። ከዚያ ፎርማኑ፣ አሁን ጆሯቸው ከብዷል፣ እሳቸውም ከተቀመጡበት ገቡበት። አንተ እኮ ጨው የምትረሳ ሰው አልነበርክም፣ እኔ ያኔም ነገሩ አልዋጥልህ ብሎኝ ነበር፣ ዛሬ እንኳ ተናገር አሉት። በሩ ተከፍቶለት ነበር፣ እማማ። ወይ ብልጥ ነበርኩ ብሎ መሳቅ፣ ወይ እኔ አይደለሁም ብሎ ስሙን ማደስ ይችል ነበር። ያን ስም እድሜውን ሙሉ ስለተሸከመው እኔ በልቤ ተናገር፣ ተናገር እያልኩ ነበር።

ተነሣና ኮፍያውን አወለቀ። ማታለል አላውቅበትም አለ፤ ጨው የረሳሁት ግን እኔ ነኝ፣ ያን ሳምንት ልቤ ሌላ ቦታ ነበር አለ። አልጫው ብላችሁኛል፣ በአልጫው ስም ልጆች አሳድጌበታለሁ፣ ከእንግዲህም ስሙን ብትወስዱብኝ እቀየማለሁ አለ። እማማ፣ እኔ በሕይወቴ እንዲህ ኮርቼ አላውቅም። ለምን እንደኮራሁ ግን ያኔ ሙሉ በሙሉ አልገባኝም ነበር።

አምስት ቁጥሩ ከዘራቸውን ለሰው ሰጥተው ጠረጴዛው ላይ የነበረችውን ኳስ ወለሉ ላይ አስቀመጡ። ይህችኛዋን አውቄ ነው አሉና በቀስታ ወደ አባባ አቀበሉ። አባባ በዚያ በተወለወለ ጫማው አስቆማት። አዳራሹ እንዴት እንደጮኸ ልነግርሽ አልችልም። ከዚያማ ሁለቱ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ያ ዳኛ ዐይኑ አያይም ነበር እያሉ ሲያሙ ዋሉ።

እነሱ ሲያሙ እኔ ፎቶዎቹን እየዞርኩ አየሁ። የፍጻሜው ቀን ፎቶ አለ፣ ዝናቡ ሳይጀምር የተነሡት። አባባ ከፊት ተንበርክኳል፣ ፀጉሩ ሙሉ ነው። ቀኝ እጁ ከጣቶቹ እስከ ክርኑ በፋሻ ተጠቅልሏል። እኛ ልጆች ሁላችን ያን ታሪክ ስንጫወት ግራ እጃችንን ነበር የምናነሣው፤ ለምን ግራ እንደሆነ ግን አንዳችንም ጠይቀን አናውቅም።

በአውቶቡስ ስንመለስ ጠየቅኩት። የገንዳው እንፋሎት ነው አለኝ፤ በዚያ ሳምንት መጀመሪያ አቃጥሎት ሐኪም ሥራ አትግባ ብሎት እንደነበር በግዴለሽነት ነገረኝ። ታዲያ በዚያ እጅህ ያን ሁሉ ማሊያ እንዴት አርገህ ነከርከው አልኩት። ፌርማታውን አዛወሩት እንዴ አለኝ። ደግሜ ብጠይቀው በመስኮቱ ማየት ጀመረ። እኔም ተውኩት።

አክስቴ፣ ቀጥሎ ያለውን ስታነቢ ቀስ በይ፤ አንቺም እማማ ፊትሽን ወደ መስኮቱ ማዞር ትችያለሽ። ያን ጊዜ ማቅለሚያ ክፍል ገና አዲስ የገባሽ ጊዜያዊ ሠራተኛ እንደነበርሽ፣ በትንሽ ጥፋትም ሰው ይባረር እንደነበር ትነግሪን ነበር። አባባ ወደ ቦይለር ከወረደ በኋላ እናትሽ ይህን ጥቀርሻ ለባሽ ምን ልታደርጊው ነው ብለው ሲቆጡሽ፣ ከእሱ ሌላ ሰው አላገባም ብለሽ በሩን እንደዘጋሽውም ነግረሽናል። አባባ ደግሞ ድስት በከፈትሽ ቁጥር ኩሽና በር ላይ ቆሞ ጨው ጨምረሻል ወይ ይልሻል። ምግብ መራጭ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ማንኪያ ትወረውሪበት የነበረውም፣ ፊትሽ ቲማቲም የሚመስለውም በኩሽናው ሙቀት ይመስለኝ ነበር። ምንም አልጠይቅሽም፣ አንቺም ምንም አትመልሺልኝ። ብቻ ያን አዳራሽ ውስጥ የተነሣው ሰው የእኔ አያት ነው፤ ያንቺ ደግሞ ባል ነው።

ከደብዳቤው ጋር የመጣውን ጥቅል አሁን ፍቺው። ኮሚቴው ለአባባ የሸለመው አዲስ ማሊያ ነው፣ ሰማያዊ፣ ዘጠኝ ቁጥር። ሲሰጡት ምን እንዳደረገ ታውቂያለሽ? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አውራ ጣቱን በምራቁ አረጠበና ጨርቁን አሸት አሸት አድርጎ ጣቱን ወደ መብራቱ ቀና አድርጎ አየው። ንጹሕ ነው። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ቤት ስንደርስ አጣጥፎ ሰጠኝና ለእማማሽ ላኪላት አለኝ። ለምን ራስህ አትለብሰውም ብለው፣ እሷ ትልበሰው፣ እኔ ሞክሬዋለሁ አለኝ። ከነጭ ልብስ ጋር ብታጥበውም እንዳትፈራ በያት፣ ጨዉ ገብቷል፣ እኔ አይቻለሁ አለ።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ በገዛ እግርሽ ወደ ቤትሽ ያምጣሽ። አክስቴንና ልጆቿን ከክፉ ይጠብቅልን። ቶሎ ነይ፤ ግድግዳው በርግጫ ሊፈርስ ነው።

ግራ ክንፏ የልጅ ልጅሽ