ጭስ የማይወጣበት ቤት

ኅዳር 12

ዛሬ ኅዳር ሲታጠን ነው። የቢሯችንን ቆሻሻ ግቢ ውስጥ ከምሬ በጠዋት ያቃጠልሁት እኔው ነኝ። ከዚያ ልብሴ ጭስ ጭስ እየሸተተ የፈቃድ እድሳት መስኮቴ ላይ ተቀመጥሁ።

አያ ደምሌ መጡ። ቀሐ ወንዝ አጠገብ በእንጨት ምድጃ ዳቦ የሚጋግሩት፤ ተማሪ ሳለሁ ትኩሱን በነጻ ያበሉኝ የነበሩት ሽማግሌ። ለክልሉ የአየር ጥራት ፕሮግራም ሲባል ጭስ ያለው ሥራ ሁሉ የፈቃድ ክፍያው እጥፍ መሆኑን ነገርኋቸው።

«ምነው ልጄ? አየሩ የእግዜር አይደለም ወይ?»

«አየሩ የእግዜር ነው፤ ጭሱ ግን የእርስዎ ነው» አልሁ። ወረፋው ሳቀ። እኔም ደስ አለኝ።

ሽማግሌው በከዘራቸው ገና ወደሚጨሰው የግቢው ክምር ጠቆሙ። «እሱስ የማን ነው?»

አሁን ወረፋው በእኔ ሳቀ። ፊቴ ጋለ። ወረቀታቸውን ወረወርሁላቸው። «መክፈል ካልቻሉ ይዝጉት! ከዛሬ ጀምሮ ከቤትዎ ጭስ እንዳይወጣ!»

አያ ደምሌ ወረቀታቸውን ከመሬት አንስተው አቧራውን አራገፉ። «ጭስ አይውጣበት የሚባለው ሰው ላለቀበት ቤት ነው፣ ልጄ» አሉ ዝግ ብለው።

«የቢሮ ቋንቋ ነው፤ ቀጣይ!» አልሁ።

ባልደረቦቼም ቃል አምልጦህ ነው ብለው አጽናኑኝ። አላመለጠኝም። አያ ደምሌ ልጅ የላቸውም፤ ሚስታቸውን አምና ቀበሩ። ቀብሩ ላይ ነበርሁ።