ያልደረቀው ጀንፈል

እማዬ፣ የኔ ዓለም፣

ከተለየሽን ሦስተኛው የቡና ለቀማ ደረሰ። ዛሬ ምሥራች ይዤልሻለሁ፦ ትንሿ ልጅሽ ስምረት ሰኞ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች! አዎ፣ ያቺ የጫማዋን ክር ማሰር የምትረሳው! ቸርች ሲነገር እልልታው ጣሪያውን ሊያነሳው ነበር።

በቀላሉ የመጣ እንዳይመስልሽ። አምና አንድ ባለሞተር ልጅ ወደደች። መውደዷስ ባልከፋ፤ ከትምህርት ቤት መቅረት ጀመረች። የኳየር ልምምድ አለኝ ብላ ወጥታ ፍስሐ ገነት ከተማ ድረስ በሞተር ትከንፋለች። በኋላማ አባዬ ለሠርጉ ያሰረው የእጅ ሰዓት ከመሳቢያው ጠፋና ልጁ እጅ ላይ አየሁት። ጮኽኩባት፣ ሰደብኳት፣ በር ቆለፍኩባት። በመስኮት ወጣች! ልትጠፋብኝ ነው ብዬ ፈራሁ፣ እማዬ። በጣም ፈራሁ።

ያኔ ትዝ አልሽኝ። እኔስ በእሷ ዕድሜ ለወደድኩት ልጅ ሸጬ ልሰጠው ብዬ ከማድረቂያው አልጋ ላይ ቡናችንን ሰርቄ የለ? ገና ከነገለባው ያለውን እርጥብ ጀንፈል ማዳበሪያ ውስጥ ጠቅጥቄ መኝታዬ ሥር ደበቅኩት። የቡና ገበሬ ልጅ ሆኜ፣ ያልደረቀ ቡና ሲታፈን እንደሚሻግት ረሳሁ! ፍቅር ዓይን የለውም ይላሉ፤ ለካ አፍንጫም የለውም።

ቤቱ ሲሸት ደረስሽብኝ። አልመታሽኝም፣ ለአባዬም አልነገርሽም። ቡናውን ማድረቂያው ላይ መልሰሽ ዘረገፍሽና አጠገብሽ አቆምሽኝ። ስናገላብጥ፣ የሻገተውን ስንለቅም ሰነበትን። በአራተኛው ቀን ሳትጠይቂኝ ሁሉን ዘረገፍኩልሽ፤ ልጁ ባዶ እጄን ሲያየኝ ፊቱን እንዳዞረብኝም ጭምር።

ይህን ስምረት አታውቅም ነበር። ጨዋዋ ታላቅ እህት ነበርኩኛ! ስትመለስ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ማድረቂያው ጋ ወሰድኳትና፣ ቡናውን አብረን እያገላበጥን ነገርኳት። መጀመሪያ በሳቅ ፈረሰች፤ ቀጥላ አለቀሰች።

በማግስቱ ሄዳ ሰዓቱን አስመለሰች። ልጁ፣ ሰዓቱን ከወሰድሽ ሁለተኛ ሞተሬ ላይ አትወጪም ቢላት፣ እግር አለኝ ብላው ያን ሁሉ ዳገት በእግሯ መጣች። አቧራ ለብሳ በር ላይ ስትቆም ጎሽ የእናቴ ልጅ ብዬ አቀፍኳት! ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤትም አልቀረችም።

ትናንት ሻንጣዋን ስናዘጋጅ አባዬ ያንን ሰዓት ከመሳቢያው አወጣና በገዛ እጁ እጇ ላይ አሰረላት። እሷ አቀረቀረች። አባዬ ምንም አያውቅም፤ እኔም እንዳንቺው ዝም አልኩ።

እማዬ፣ አልረሳሽም። ከእንግዲህ እዚህ ቤት የሚያጠፋ ልጅ ቢኖር፣ ማድረቂያው አጠገብ ቦታ አለው።

ልጅሽ