ኢዳ በእጄ የሰጠችኝ ደብዳቤ

ጥቅምት 3፣ ሰኞ። ጠዋት፣ ከሺፍት በፊት

መኪና ውስጥ ነኝ። ሺፍቴ ሊጀምር ሃያ ደቂቃ ቀርቷል። ለማንም ያልነገርኩትን ላንቺ ልጻፈው፣ ደብተሬ። ለባሌ ለጌታቸው አልነገርኩትም፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት አብሬው ኖሬ፣ እሱ አፈር ሲለብስም ምስጢሬን ይዤ ቀረሁ። ለንስሐ አባቴ የነገርኳቸው ግማሹን ነው። ሮም ሳለሁ ኢዳ የምትባል የሕንጻችን በር ጠባቂ የጓደኛዬን የጽጌን ደብዳቤ በእጄ ሰጠችኝ። ሲጠይቁኝ አልሰጠችኝም አልኩ።

ይኸው። ሲጻፍ ሁለት መስመር አይሞላም።

ዛሬ የጻፍኩት ጽጌ ሐሙስ ስለምትመጣ ነው። ከሮም፣ ለስምንት ቀን። ከተለያየን ወዲህ ስልክ ብቻ። ትናንት ደውላ ዊልቸር አዝዣለሁ አለችኝ። ምነው፣ አመመሽ ወይ አልኳት። እግሯ ከኔ ይሻላል። አርባ ዓመት የሰው ሽማግሌ ስገፋ ኖሬያለሁ፣ አንድ ቀን ደግሞ ሰው ይግፋኝ አለችና ሳቀች። ሮም ውስጥ አረጋውያን ጠባቂ ናት።

እዚህ አሜሪካ፣ በዚህ የቁማር ከተማ አየር ማረፊያ ዊልቸር ስገፋ አሥራ አንድ ዓመቴ። የሐበሻ እናቶችን ዘዴ አውቀዋለሁ። ሮጠው የሚቀድሙኝ ሴቶች ዊልቸር ያዝዛሉ፤ የሚረከባቸው ሰው እንዳያጡ ነው። ገና ሲያዩኝ «የማን ልጅ ነሽ?» ይሉኛል። በስድሳ ሦስት ዓመቴ።

ሰዓት ደረሰ።

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ኦፍ ነኝ። የጽጌን አልጋ አነጠፍኩ። ልጄ ሠላም ከምትኖርበት ሰፈር ከሴንቴኒያል ሂልስ አዲስ አንሶላ አምጥታልኝ ተመለሰች።

ስለ ሮም ከላይብረሪ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ። ነገሥታቱ አሉ፣ ጳጳሳቱ አሉ፣ ሠዓሊዎቹ አሉ። በር ጠባቂ የለችም። የቤት ሠራተኛም የለችም። እኔ የማውቃት ሮም እንዲህ ናት፦ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ የቤት ሠራተኛ ነፃ ናት። የከተማው ልማድ ነው። በሌላው ቀን እያንዳንዳችን በየአሠሪ እመቤታችን፣ በየሲኞራችን ቤት ተዘግተናል። ሐሙስ ከምሳ በኋላ ግን ባቡር ጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ በሐበሻ ሴት ይሞላል። ሱቁ ሁሉ እስከ አመሻሽ ዝግ። ከተማው ተኝቶ እኛ ብቻ ነቅተን። ውሃ የምንጠጣው ከመንገድ ዳር ቧንቧ ነው፣ ሲፈስ የሚውል። አፉን በጣት ስትደፍኚው ከላይ ባለው ቀዳዳ ወደ አፍሽ ይዘላል። ይህን ያስተማረችኝ ጽጌ ናት፤ በመጣሁ በሳምንቴ፣ ልብሴን አበስብሳ።

የሐሙስ ፖስተኛ እኔ ነበርኩ። ሲኞራዎቹ የስደተኛ ደብዳቤ በቤታቸው አድራሻ ሲመጣ አይወዱም። ኢዳ ግን በኔ በኩል ይምጣ አለች። የሕንጻው ደብዳቤ ሁሉ በእጇ ያልፋል። በሩ ሥር ባለች አንዲት ክፍል ትኖራለች፤ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ የማን ባል አመሸ፣ ታውቃለች። የአሥራ አራት ሴት ደብዳቤ ትቀበልልኝ ነበር። በቦርሳ ይዤ ሄጄ አድላለሁ፤ ማንበብ ለማይችሉት አነብላቸዋለሁ። ት/ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት አክስቴ ቤት ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ጋዜጣ ነው፤ ጣልያንኛውን ከሱቅ በርና ከመድኃኒት ጠርሙስ። ሴቶቹ ግን እንደ ትልቅ ሊቅ ያዩኝ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር። ይህም ይጻፍ።

ጽጌ ያኔ አታነብም።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ። ብሬክ ላይ

የሮም ነሐሴ። ሰው ሁሉ ወደ ባሕር ይሄዳል። ዳቦ ጋጋሪው፣ ጫማ ሰፊው፣ ሐኪሙ ሳይቀር ለዕረፍት ተዘግቷል የሚል ወረቀት በሩ ላይ ይለጥፋል። በጠራራ ፀሐይ የራስሽን ኮቴ ትሰሚያለሽ። ኢዳም ለሳምንት ወደ ገጠሯ ልትሄድ ነው። በዋዜማው ጠራችኝ። አንድ ፖስታ፣ የጽጌ። ማኅተሙን በጣቷ መታ መታ አድርጋ፣ ይሄ የሚያስቸኩል ነው፣ ዛሬውኑ አድርሽላት አለችኝ።

የላከው ስደተኛ ወደ አሜሪካ የሚያሻግረው መ/ቤት ነው። ቀጠሮ። በአሥረኛው ቀን ጠዋት ቅረቢ ይላል። ወጥ ቤት ቆሜ ከፍቼ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የኔም ፋይል እዚያው ነው፣ ባንድ ቀን ነው ያስገባነው። የኔ አልመጣም።

ጽጌ ትሄዳለች፣ እኔ እቀራለሁ። ሌላ ሐሳብ አልመጣልኝም። ቀጠሮው ቢያልፋት ሌላ ይሰጧታል፤ እስከዚያ የኔም ይደርሳል፤ አብረን እንሄዳለን። ራሴን እንዲህ አሳመንኩ። በመካከሉ አንድ ሐሙስ ነበር። ቦርሳዬን ይዤ ሄድኩ። ጽጌ የኔ የለም ወይ አለችኝ። የለም አልኳት። የገዛችውን ሐብሐብ ለሁለት ቆርጣ ትልቁን ለኔ ሰጠችኝ። በላሁት።

ቀኑ ሲያልፍ ደብዳቤውን ቀዳድጄ ከቲማቲም ልጣጭ ጋር ጣልኩት።

ሬዲዮው እየጠራኝ ነው። ሁለት ዊልቸር፣ ዲ ጌት።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

መጣች። በዩኒፎርም ጌቱ ጋ ቆሜ ጠበቅኋት። ከተሳፋሪው ሁሉ ቀድማ፣ እየፈጠነች፣ በእግሯ። ዊልቸሩን ስታይ አነከሰች። ተቃቅፈን ቆምን። ሸብታለች። እኔም። ከዚያ ተደላድላ ተቀመጠችና በይ እንሂድ፣ ሹፌር አለችኝ።

ሰው ስገፋ ፊቱን አላይም፤ የማየው አናቱን ነው። ጌቱ አጠገብ ያሉት የቁማር ማሽኖች ሲንጫጩ፣ ምነው፣ ሰው ሻንጣውን እንኳ ሳያገኝ ይበሉታል እንዴ አለች። ስለ ባሏ አወራችኝ፤ አውቶቡስ ሾፌር ነበር፣ ጡረታ ወጣ፣ አሁን ቀኑን ሙሉ የሌሎች ሾፌሮችን ስሕተት ይቆጥራል።

መንገዱ ረጅም ነው። ከጀርባ ሆኖ መናገር ይቀላል ብዬ ከሰኞ ጀምሮ ሳስበው ነበር። አንድ ቃል ብቻ ጀምሪ፣ ሙሉ፣ እላለሁ። የአየር ማረፊያው የውስጥ ባቡር መጣ። ገባን። በሩ ተዘጋ።

አልተናገርኩም።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ከቤ/ክ መልስ ሠላም ሮምን አስመስለው የሠሩት ሆቴል ወሰደችን። ጽጌ ደስ ይበላት ብላ ነው። ሰማዩ ቀለም፣ ደመናውም ቀለም። ሐውልት፣ ፏፏቴ፣ ዓምድ።

«አክስት ጽጌ፣ ቤትሽ መሰለ አይደል?» አለቻት ሠላም። እዚህ ተወልዳ እርስዎ ማለት እስከ ዛሬ አልሆነላትም።

ጽጌ ዞር ዞር ብላ አየች። «ልጄ፣ እርግብ የለም። ኩስ ያልነካው ሐውልት ሮም አይደለም።»

ሳቅን። ከምሳ በኋላ ሠላም ካፑቺኖ ስታዝዝ ደግሞ ጽጌ ደነገጠች። ረፋድ ካለፈ ወዲያ ወተት ያለበት ቡና ሮም ውስጥ የሚጠጣው ቱሪስት ወይም በሽተኛ ነው አለች። እኔም አዝዤ ነበር። 

ሠላም መኪናውን ፓርክ ካደረገችበት ልታመጣ ሄደች። ሁለታችን ቀረን። ያን ጊዜ ነገረችኝ።

ኢዳ በሕይወት አለች።

ዘጠናን አልፋለች። ከተማው ዳር፣ መነኮሳይት የሚያስተዳድሩት የአረጋውያን ቤት ውስጥ ናት። ባለፈው ፋሲካ ሰሞን የእህቷ ልጅ ቀን ቀን አብራት የምትውል ሴት ስትፈልግ ጽጌን ጠቁመዋት መጣች። ጽጌ የበሽተኛዋን ስም ስትሰማ በሩን ዘጋችባት።

«ዕድሌን የቀበረች ሴት ናት» አለችኝ። «ቀብሯ ላይ እንኳ አልቆምም።»

ከዚያ ወዲያው ሳቀች። ግን እኮ አሜሪካ ብሄድ ኖሮ ያን ሾፌር የት አገኘው ነበር አለች፣ ልጄንስ።

ይህን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ ልንገርሽ? ቀለለኝ። ለጽጌ ደህና ሆኖላታል፣ እንግዲህ ማን ተጎዳ አልኩ በልቤ። ሠላም እስክትመጣ ድረስ እንዲህ እያልኩ ተቀመጥኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ። ከሺፍት በኋላ

የስብሰባውን ነገር አልጻፍኩልሽም። ሸሽቼ ነው።

ከዚያ ነሐሴ ሁለት ወር ቆይቶ፣ ጥቅምት ላይ ጽጌ መ/ቤቱን ሄዳ ጠየቀች። ተጠርተሽ ቀርተሻል፣ ፋይልሽ ተዘግቷል አሏት። እያለቀሰች ኢዳ ዘንድ መጣች። ኢዳ ለሙሉ ሰጥቻታለሁ አለች። ጽጌ ሙሉ እኔን አትዋሸኝም ብላ ተቆጣቻት። ነገሩ ሲኞራዎቹ ጆሮ ደረሰ።

በሮም የአንድ ሕንጻ ነዋሪዎች በዓመት አንድ ሁለቴ ተሰብስበው ስለ ጣራው፣ ስለ አሳንሰሩ፣ ስለ ደረጃው መብራት ይጨቃጨቃሉ። ፍርድ ቤት ነው የሚመስለው፤ ቃለ ጉባኤ ሁሉ አለው። በኅዳር ተራው የሲኞራዬ ሳሎን ሆነ። ገሚሱ ነዋሪ ቀድሞም ኢዳን አሰናብቶ በሩ ላይ የኤሌክትሪክ ደወል ማስገባት ይፈልግ ነበር። ሰበብ ነበር የጎደለው። ኢዳ ተጠራች። ሽርጧን እንደታጠቀች ሳሎኑ በር ላይ ቆመች። ወንበር የሰጣት የለም። እኔ ብርጭቆ በትሪ ይዤ እዞራለሁ።

ሲኞራዬ ደብዳቤውን ሰጥታሻለች ወይ አለችኝ።

አልሰጠችኝም አልኩ። ብርጭቆ ማደሌን ቀጠልኩ።

ኢዳ አልጮኸችም። አየችኝ። «ልጄ፣ በእጅሽ ነው የሰጠሁሽ» አለች። 

ገና ሳይደርስ ክፍሏን አስለቀቋት። ሥራዋም ቤቷም ያቺው ነበረች። ዕቃዋን በእጅ ጋሪ ሲያወጡ በወጥ ቤቱ መስኮት አየሁ። አልወረድኩም።

ጽጌ ደግሞ ከእንግዲህ ደብዳቤዬን ራሴ ነው የማነበው አለች። አስተማርኳት። በብርዱ ወራት ሐሙስ ሐሙስ፣ ጣቢያው ውስጥ፣ አግዳሚ ላይ። ቶሎ ገባት። እስከ ዛሬ መምህሬ ትለኛለች። በጠራችኝ ቁጥር እንደምሸማቀቅ አታውቅም።

የኔ ቀጠሮ በየካቲት መጣ። ብቻዬን ላለመቅረት ያን ሁሉ ያደረግኩ እኔ፣ እሷን ብቻዋን ጥያት ሄድኩ። ቀጠሮው ላይ ግማሽ ሰዓት ቀድሜ ደርሻለሁ።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ቁርስ ላይ የጽጌ ልጅ ከሮም ደወለች። የኢዳ እህት ልጅ እንደገና ቤት ድረስ መጥታ ነበር። ኢዳ ደክማለች፤ ከነዚያ ከሐበሾቹ ልጆች አንዷን ሳላይ አልሙት ትላለች።

ጽጌ ስልኩን ዘግታ ዳቦዋን ረሳችው። ይቅርታ ልትጠይቀኝ ይሆናል አለች። አርባ ዓመት ሲበላት ኖሮ፣ አሁን ነፍሷ ልትወጣ ስትል። ሰው ናት ለካ አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ልሂድላት፣ ሙሉ? አንቺ ያልሽኝን አደርጋለሁ። ከጠየቀችኝ ይቅር እላታለሁ።»

ሂጂ አልኳት።  ዕቃ ላጥብ ብዬ ተነሣሁ፤ ንጹሑን ሰሐን ሁሉ እንደገና አጠብኩ።

አስቢው፣ ደብተሬ። ምንም ያላደረገች አሮጊት አልጋ ላይ ተኝታ። ጽጌ አጠገቧ ተቀምጣ ይቅር ብዬሻለሁ ስትላት። ኢዳ ምን ትላለች? በእጇ ነው የሰጠኋት ብትል ጽጌ ዛሬም አታምናትም። አልጋ ላይም ሆና ትዋሻለች ትላለች። ለሁለተኛ ጊዜ በር ላይ አቆምኳት ማለት ነው።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ። ረፋድ

ፈቃድ ጠይቄ ቀረሁ። ጽጌ ነገ ትበራለች። ጠዋት ሁለት ጊዜ ጀመርኩ። አንዴ ስለ ኢዳ አልኩ፤ አውቃለሁ፣ ሂጂ ብለሻል፣ እሄዳለሁ አለችኝ። ሁለተኛው ላይ ድምፄ ጠፋ፤ ጉንፋን ነው ብላ ሎሚ በማር አፈላችልኝ። ጠጣሁት። ሐብሐቡንም እንዲሁ ነበር የበላሁት።

አፌ እንደማይችል ገባኝ። እጄ ግን ካለፈው ሳምንት ሰኞ ወዲህ ችሏል።

ከጥቅምት 3 ጀምሮ ያለውን ከደብተሩ በመቀስ ቆረጥኩ። ይህን የምጽፈው በተቆረጠው ወረቀት ላይ ነው። አንድም መስመር አልሰረዝኩም፤ የቀለለኝን ቀን እንኳ። አውሮፕላን ላይ አንብቢው ልላት አስቤ ነበር። ያም ሽሽት ነው። አሁን ሳሎን ተቀምጣ ሻንጣዋን ታስራለች። ሰጥቻት ፊት ለፊቷ እቀመጣለሁ። አንብባ እስክትጨርስ አልነሣም። ትጩህ፣ ትሂድ፣ ዓይንሽን አልይ ትበለኝ፤ ወንበሬ ላይ ነኝ።

ካነበበችው በኋላ ለኔ አትመልሰው። ሮም ይዛው ትሂድ። እዚያ ኢዳ አልጋ አጠገብ ቁጭ ብላ ወደ ጣልያንኛ እየመለሰች ታንብበው፣ የእህቷ ልጅም እየሰማች። ሲኞራ ኢዳ፣ ሰጥተውኛል። በእጄ ነው የሰጡኝ።

እነዚህን ገጾች የምትቀበለው ጽጌ ናት። ከሷ እጅ ደግሞ ኢዳ።