መካከለኛው ጎማ ያንቺ ነው

አንቺ ልጅ፣

አልጋሽ ላይ ያለው አዲሱ ኢርፎን ያንቺ ነው። ሙዚቃ ማጫወቻዬን መውሰድ ትችያለሽ፤ ኢርፎኔን ዳግመኛ ከነካሽ ግን ቤት እለቃለሁ።

ትናንት ጠዋት ጆሮዬ ውስጥ ስከተው አሙለጨለጨኝ። አውጥቼ ሳየው ያንቺ ኩክ ነው፣ ቢጫ። ቁርስ አልበላሁም።

ዛሬ ሱቅ ብሄድ ደግሞ ሻጩ ስንት ሰው የሞከረውን ኢርፎን በሸሚዙ ጠረግ አድርጎ፣ «እህቴ፣ ይመችሽ እንደሆነ ሞክሪው» አለኝ። ያልተከፈተውን ገዛሁልሽ።

አብረውት ከመጡት የጆሮ ጎማዎች ትንሹ ከጆሮሽ ይወልቃል፤ ትልቁ ያሳምምሻል። መካከለኛውን አድርጌልሻለሁ። ልክሽን ያወቅሁት የእኔ ላይ ቀይረሽ ከተውሽው ጎማ ነው።
በየሳምንቱ በሳሙና እጠቢው።

ትናንት አክስትሽ ፊት አሳማ ልልሽ አይገባም ነበር።
እስክትሄድ መታገሥ ነበረብኝ።

እናትሽ