እምቢ ለማለት ያልቻሉ አባላት

ውድ እታለም፣

መቆጣትሽ ስለማይቀር ከመጀመሪያው ልናገር፤ የጀልባ ክበባችንን ቁልፍ ለወደብ ጽሕፈት ቤቱ አላስረከብኩም። አውቶቡስ ላይ ወጥተሽ በመስኮቱ በኩል እጄን ይዘሽ «ዝጋውና ቁልፉን ስጣቸው» ስትዪኝ፣ «ነገ በጠዋት» ብዬ የማልኩልሽ እኔው ነኝ። ይኸው ስምንት ወር ሞላው፣ ቁልፉ ከስፌት ማሽኔ አጠገብ ተሰቅሏል። ስትደውዪ «ክበቡስ?» ባልሽኝ ቁጥር መስመሩ ተቆራረጠ የምልሽም ለዚሁ ነበር። መስመሩ ደህና ነው።

እውነቴን ነው፣ ላስረክብ ሄጄ ነበር። የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አሥራ ሁለት አባል ያላሟላ ክበብ የጀልባ መቆሚያውንና ቤቱን ይለቃል የሚል ወረቀት አሳየችኝና ስንት ናችሁ አለችኝ። ባልሽ ጋሼ ካረፈ፣ አንቺም ከሄድሽ በኋላ የቀረነው እኔና ጡረተኛው ፖስተኛ ነን፤ እሱም ቢሆን አባል የሆነው የጀልባ ቤቱ በረንዳ ጋዜጣ ለማንበብ ስለሚመቸው ነው። ቁልፉን ጠረጴዛዋ ላይ ላኖር ስል እጄ እምቢ አለኝ። ጋሼ ሲስቅበት በነበረው በረንዳ ላይ ሌላ ሰው ዕቃውን ሲከምርበት ታየኝ። አሥሩን እኔ አመጣለሁ ብያት ወጣሁ።

መጀመሪያ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ማስታወቂያ ለጠፍኩ። በወር ውስጥ አንድ ሰው ብቻ መጣ፤ እሱም የመጣው ጀልባዋ ለሠርግ ፎቶ ትሆናለች ወይ ብሎ ሊጠይቅ ነው።

አንድ ቀን ግን የሂሳብ አስተማሪውን ለሱፍ ስለካው ዓይኔ ተገለጠ። ሰው ሱፍ ሊያሰፋ ሲመጣ ክንዱን ዘርግቶ፣ ጎኑ ላይ ስፒል ተሰክቶበት ነው የሚቆመው። የት ይሄዳል? ደረቱን ስለካ ስለ ነፋሱ፣ ወገቡን ስለካ ስለ ሐይቁ ጠዋት አወራሁለት። የሱሪው ቁመት ላይ ስደርስ «እመዘገባለሁ፣ ብቻ ስፒሉን ንቀልልኝ» አለ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ አራት ሰው አገኘሁ። አንድ ጊዜ ወሬው ይዞኝ የመድኃኒት ቤቱን ሰውዬ ሱሪ አንድ እግሩን አሳጥሬ ቆረጥኩት። ለጀልባ የሚመቸው እንዲህ ያለው ነው ብዬ ሁለተኛውንም እዚያው ድረስ ቆርጬ፣ ቁምጣውንና የአባልነት ቅጹን አንድ ላይ ሰጠሁት። ፈርሟል።

አምስተኛዋ የጥርስ ሐኪሟ ናት። ነጭ ጋውን ልታሰፋ መጥታ ዘዴዬን ወዲያው ነቃችበት። ሳቀችብኝና፣ ያንተ ደንበኛ ቢያንስ አፉ ነጻ ነው፣ ይከራከርሃል፣ የእኔን ብታይ አለችኝ። ሕመምተኞቿን ሲያማችሁ እጃችሁን አንሱ ትላቸዋለች። ታዲያ ጥርሳቸውን እየሠራች ስለ ክበባችን ታወራና፣ እጁን ያነሳውን ሁሉ ትመዘግባለች። በሁለት ሳምንት ውስጥ አምስት ስም ይዛልኝ መጣች። አሥራ ሁለት ሞላን።

ባለፈው ቅዳሜ ሁሉንም ጠራኋቸው። ከሐኪሟ አምስት ሰዎች አንዱ፣ ትከሻው በር የሚሞላ የታክሲ ሹፌር፣ ጉንጩ እንዳበጠ የመጣው ስሙን ሊያሰርዝ ነበር። «እጄን ያነሳሁት አሞኝ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ቢሆንም መጀመሪያ ጀልባዋ ላይ ትንሽ ተቀመጥ፣ ከዚያ እሰርዝሃለሁ ብዬ ለመንኩት። ሸራውን ሰቀልነው። ነፋሱ ሲገባበት ጀልባዋ ወዝወዝ አለች፣ ሹፌሩም ጉንጩን መያዙን ተወ። ዓይኑ ውሃው ላይ ቀረ። ጥቂት ቆይቶ ዞር አለና «ቆይ፣ የሚነዳው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

እታለም፣ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። ስምንት ወር ሙሉ ሰው ስሰበስብ ይህቺን አላሰብኳትም። ሁሉም ወደ እኔ አዩ፤ እኔ ወደ ፖስተኛው አየሁ፤ ፖስተኛው ጋዜጣውን ገለጠ። እኔ እንደሆንኩ ሸራ ስሰፋ ኖርኩ እንጂ ከሸራ ሥር ተቀምጬ አላውቅም። ጀልባዋም ያን ሁሉ ጊዜ መቆሚያው ላይ እንደታሰረች ነበረች።

እውነቱን ነገርኳቸው። የምታውቀው እህቴ ናት፣ ባሏን እንኳ ያስተማረችው እሷ ናት፣ እሱ ታሞ ካረፈ ወዲህ ግን ውሃውን ማየት አልሆነላትም አልኳቸው። ማንም አልቀለደም። ሹፌሩ ቅጹን ከእጄ ወስዶ ፈረመና «ስሜ ይቆይ፤ እሷን ጥራት» አለኝ።

ይኸው እየጠራሁሽ ነው። ያን ጊዜ ያልነገርኩሽንም ልንገርሽ፤ ስትሄጂ ተቀይሜሽ ነበር። ጋሼ ለእኔም ጋሼ ነበር። እሱን በቀበርን በወሩ አንቺንም አጣሁ። ሐዘኑን እዚህ ትቼው ሄድኩ ብለሽ ከሆነ፣ አብሮሽ እንደተሳፈረ በስልክ ድምፅሽ ውስጥ እሰማዋለሁ። እዚህ የቀረው ሌላው ነው፤ አንቺ «መሪውን ያዝ» ስትዪው እየሳቀ ገመዱን የሚይዘው ጋሼ። ናፍቀሽኛል። ክበቡ ሰበብ ነው።

ሰበቡ ግን ቀን ተቆርጦለታል። በዚህ ወር የመጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት የጽሕፈት ቤቱ ሰው ክበቡ በእውነት መሥራቱን ሊያረጋግጥ ይመጣል፤ ጀልባዋ ሐይቁ መካከል ከሚንሳፈፈው ቀይ ምልክት ደርሳ ስትመለስ ካላየ የሰበሰብኩት ስም ሁሉ ከንቱ ነው። ዓርብ ከሰዓት ሹፌሩ መናኸሪያው በር ላይ ይጠብቅሻል። የጉንጩ እብጠት ጎድሏል፣ በትከሻው ትለዪዋለሽ። ከፈለግሽ እሁድ ተመለሺ፣ ማንም አይዝሽም። ባትመጪም አልቀየምሽም። ቅዳሜ ጠዋት ጀልባዋን እንፈታታለን፤ የሂሳብ አስተማሪው ነፋሱን ያሰላል፣ መሪውን እኔ እይዛለሁ።

ዛሬም ድረስ ዋና የማይችለው
ታናሽ ወንድምሽ